ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፣ የመርጡለ ማርያሙ ሊቅ

ብፁዕ ሰማዕት አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ዓ.ም. በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን። ብዙዎቻችን ስለ እኚህ አባት የምናውቀው ፍጻሜያቸውን ነው፤ ሰንሰለቱን፣ ግርፋቱን፣ የእስር ቤት ሞታቸውን። በመታሰቢያቸው ቀን በየቁምስናው የሚሰበከውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ እኚህ ሰው እስረኛ ከመሆናቸው አስቀድሞ የብዙ ዘመን ተማሪና መምህር ነበሩ። ሥራቸው መጻሕፍትን መፈለግ፣ አንዱን ከሌላው ማመሳከር፣ ያገኙትንም ማስተማር ነበር። ወደ ሰማዕትነት ያደረሳቸው መንገድ በመጽሐፍ ቤት ውስጥ የጀመረ ስለሆነ፣ በዚህ እትም በተለይ የምንጽፈው ስለ ሊቁ ገብረ ሚካኤል ነው።

የተማሩበት ደብር መርጡለ ማርያም ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ዞን በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ትገኛለች። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ በዚያ በውብ ጥርብ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሳነጹ። ሕንፃው በኋላ ጉዳት ስለደረሰበት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት እንደገና ሠርተውት ነበር። ያ ዘመን ለኢትዮጵያም ለካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም መራራ ትዝታ ጥሎ አልፏል። ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ጾምና ሥርዓተ አምልኮ በትእዛዝ ለመለወጥ መሞከራቸው ደም አፋሰሰ፤ ሱስንዮስም በ1632 ዓ.ም. የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት የሮም ስም በጎጃምና በጎንደር ሲነሣ የሚታወሰው ያ ደም ነበር። በአባ ገብረ ሚካኤል ላይ የደረሰውን መከራ ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ ይህን ማስታወስ ይገባዋል፤ ያሰሯቸው ሰዎች ፍርሃት ከባዶ የተነሣ አልነበረምና።

ገብረ ሚካኤል ገና በልጅነታቸው የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ቢሆንም በሌላው ዓይናቸው ብራና ሲያገላብጡ ኖሩ። የአባታቸው ስም አቶ አኪሎ ይባላል። ስለ ቤተሰባቸው ከዚህ በላይ መናገር ሳያስፈልግ ወደ ትምህርታቸው እንለፍ።

ጎጃም የቅኔ አገር መሆኗን ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢዋ አንባብያን መንገር አያስፈልግም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት ስሞች ለጆሮአችን የተለመዱ ናቸው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመናትን ቁራሽ በልቶ የሚማረው ትምህርት ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አንዳንድ ጊዜ እንዘነጋዋለን። የቅኔ ቤት ትምህርት ቃልን በሚዛን ማስቀመጥ ነው። ተማሪው ግሡን ያወርዳል፣ እርባ ቅምሩን ያጠናል፣ አገባቡን ይለያል። ከዚያ በኋላ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ የራሱን ቅኔ እየቆጠረ በመምህሩ ፊት ይነግራል። ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ፣ አንዲት አገባብ ከቦታዋ ከወጣች መምህሩ ያርመዋል፤ ጓደኞቹም አይምሩትም። በዚህ ቤት ያለፈ ሰው ያነበበውን ሁሉ እንደ ወረደ አይቀበልም። ይህ ቃል እዚህ ምን ይሠራል፣ ባለቤቱ ማን ነው፣ ሌላ ፍች አለውን ብሎ መጠየቅ ጠባዩ ይሆናል። የአንድምታ ትርጓሜ መምህራንም በአንድ ቃል ላይ አንድም ይህ ነው፣ አንድም ያ ነው እያሉ የሚያስተምሩት ከዚሁ ልማድ የተነሣ ነው። በሌላው ዓለም በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ የተቀመጡ የሥነ ጽሑፍ ሐያስያን የሚሠሩትን ሥራ የእኛ መምህራን በሣር ጎጆ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ሲሠሩት ኖረዋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ገብረ ሚካኤል በ1813 ዓ.ም.፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ገደማ፣ በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። ወዲያውም አንድ ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው። መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ስለ ምንኵስና የሚናገሩት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በየገዳሙ የሚታየው ኑሮ ሌላ ሆነባቸው። ሥርዓቱ ከጊዜ ብዛት ተዳክሞ ነውን? ወይስ መጽሐፎቹ ጎድለዋል? ሌላ መነኵሴ ቢሆን ወይ አጉረምርሞ ይቀመጥ ነበር፣ ወይ ወንድሞቹን እየነቀፈ የራሱን በዓት ይሠራ ነበር። ገብረ ሚካኤል ግን አለቆቻቸውን አስፈቅደው መጽሐፍ ፍለጋ ወጡ።

ያን ጊዜ መጽሐፍ መፈለግ በእግር የሚሠራ ሥራ ነበር። መጽሐፍ ሁሉ በእጅ የሚጻፍ በመሆኑ በአንዱ ደብር የሚገኘው በሌላው አይገኝም። ቢገኝም ጸሐፊው አንድ መስመር ዘልሎ፣ ወይም በገጹ ዳር የተጻፈውን የሌላ ሰው ሐተታ ከዋናው ጋር ቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። የአንድን ቃል ትክክለኛ ንባብ ለማወቅ የፈለገ ሰው የቀናት መንገድ ተጉዞ፣ የዕቃ ቤቱን ኃላፊ ለምኖ፣ ብራናውን ዐይቶ ይመለሳል። ዘመኑም ዘመነ መሳፍንት ነበርና መንገዱ በጦር ሠራዊትና በሽፍታ የተሞላ ነበር። አንድ ዓይና መነኵሴ በዚህ ሁሉ መካከል ከገዳም ወደ ገዳም መዞራቸው የጥያቄውን ክብደት ያሳያል።

በመጨረሻም ጎንደር ደረሱ። ጎንደር በዚያ ዘመን የነገሥታቱ ኃይል የወደቀባት፣ የሊቃውንቱ ጉባኤ ግን ያልወደቀባት ከተማ ነበረች። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚባሉት አራቱ ጉባኤያት በዚያ ይሰጡ ነበር። ገብረ ሚካኤል ከተማሪነት ወደ መምህርነት ተሸጋግረው ስማቸው ታወቀ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ልዑል ዮሐንስ ነበሩ፤ እርሳቸውም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 3ኛ ተብለው ለስም ያህል በዙፋን የተቀመጡት ናቸው።

በጎንደር ጉባኤ የመነኮሳቱን ጥያቄ የሚበልጥ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃቸው ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዚያ ዘመን ስለ ጌታችን ባሕርይ በሦስት ወገን ተከፍለው ነበር። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 10 ጌታ በመንፈስ ቅዱስ ስለ መቀባቱ የተጻፈውን ሁሉም ያነባሉ፤ መቀባት የሚለውን ቃል ሲፈቱ ግን ይለያያሉ። ካሮች ወይም ተዋሕዶዎች የተባሉት የሥጋ ክብር ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ ነው ይላሉ። ቅባቶች በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው ይላሉ፤ ጎጃምም በብዛት የዚህ ወገን ነበረች። ጸጎች ወይም ሦስት ልደት የሚባሉት ደግሞ ከሁለቱ ልደታት ሌላ በጸጋ የሆነ ሦስተኛ ልደት ይቈጥራሉ። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የቃል ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም መኳንንቱ ወገን ይዘው ስለ ተዋጉበት ደም የፈሰሰበት ቃል ነው። ገብረ ሚካኤልም የተወለዱበት አውራጃ ያስተማራቸውን ይዘው ለመሟገት ብቻ አልተቀመጡም። ሃይማኖተ አበውንና ቄርሎስን የመሳሰሉት የሊቃውንት መጻሕፍት ምን እንደሚሉ ይመረምሩ፣ መልሱንም የሚሰጥ ታላቅ ባለ ሥልጣን ይሹ ነበር።

አጋጣሚው በ1841 ዓ.ም. መጣ። አቡነ ቄርሎስ ከሞቱ በኋላ አገሪቱ ለብዙ ዓመታት ያለ ጳጳስ ቀርታ ስለ ነበር፣ የሰሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞችን ወደ ካይሮ ላኩ። ከእነርሱም ጋር እንዲሄዱ አንድ ካቶሊካዊ ካህን ለመኑ። እኚህም የላዛሪስት ማኅበር ልጅ የሆኑት አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ በኋላ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው፣ ዛሬ በቅድስና የምናከብራቸው አባት ናቸው። በ1839 ዓ.ም. ዐድዋ ገብተው የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ የአገሩን ቋንቋ ተምረው ይኖሩ ነበር። ገብረ ሚካኤል ከመልእክተኞቹ አንዱ ሆነው ሲጓዙ መጀመሪያ እኚህን ፈረንጅ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩዋቸው። በሱስንዮስ ዘመን የሆነውን የሚያውቅ ሊቅ ሌላ ምን ያድርግ?

በካይሮ ፓትርያርክ ጴጥሮስ 7ኛ አንድርያስ የተባለ ወጣት መነኵሴ መርጠው አቡነ ሰላማ ብለው ሾሙላቸው። ጳጳሱ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበሩ። ሊቃውንቱ ተከፋፍለው ለሚሟገቱባት አገር ይህ ምርጫ ገብረ ሚካኤልን አላስደሰታቸውም። ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ከአባ ደ ያቆቢስ ጋር ጉዟቸውን ወደ ሮም ቀጠሉ፤ ገብረ ሚካኤልም አብረው ሄዱ። በነሐሴ ወር 1841 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። የመርጡለ ማርያሙ መነኵሴ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን በዓይናቸው ዐይተው፣ ወዲያው ካቶሊክ አልሆኑም። ከሮም ጉዞ እስከ ካቶሊካዊነታቸው ድረስ ሁለት ዓመት ተኩል አልፏል። የሕንፃ ግርማ፣ የሥነ ሥርዓት ውበት፣ የመስተንግዶ ደግነት አላስቸኰላቸውም። የያዙት ጥያቄ የንባብና የትርጓሜ ጥያቄ ነበርና መልሱንም በዚያው መንገድ ፈለጉ። ዛሬ አንድን ሰው ለመጠመቅ በጥቂት ሳምንት ጥያቄና መልስ አስጠንተን ለማድረስ የምንቸኩል ካህናትና ካቴኪስቶች በዚህ ነጥብ ላይ ብናስብበት መልካም ይመስለኛል።

ከሮም ወደ ኢየሩሳሌም ተሳልመው እንደገና ካይሮ ገቡ። በዚያም ገብረ ሚካኤል ከፓትርያርኩ ዘንድ አንድ ነገር አደረጉ፤ የአገራቸውን ሊቃውንት የሚያጣላውን ጥያቄ አቅርበው በጽሑፍ መልስ እንዲሰጣቸው ለመኑ፣ ደብዳቤውንም ተቀበሉ። ይህ ሥራቸው በእኔ አስተያየት ከሮም ጉዞው ይልቅ የሰውየውን ጠባይ ይገልጻል። ካቶሊክ ለመሆን ሰበብ የሚፈልጉ ቢሆኑ ኖሮ ወደ እስክንድርያ መንበር ባልተመለሱ ነበር። አስቀድመው የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አባት ጠየቁ፤ መልሱም በጽሑፍ የተገኘ በመሆኑ በጎንደር ጉባኤ ተነቦ ክርክሩን የሚያበርድ መሰላቸው። አገር ከገቡ በኋላ ግን አቡነ ሰላማ ደብዳቤውን ሳይቀበሉት ቀሩ። ለብዙ ዓመታት የተለፋበት ፍለጋ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተዘጋ።

አቡነ ሰላማን በክፋት ብቻ የሚስሏቸው አንዳንድ የእኛ ጸሐፊዎች አሉ። ፍትሐዊ አይመስለኝም። አንድ ወጣት ግብፃዊ፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ሦስት ወገን በሆኑ ሊቃውንትና እርስ በርሳቸው በሚዋጉ መኳንንት መካከል፣ መንጋውን በአንድ ሃይማኖት ለመሰብሰብ የተላኩ ነበሩ። የሮም መልእክተኞች መምጣት መንጋቸውን የሚበትን ሆኖ ታያቸው። ያደረጉትን ግፍ ይህ አያጸድቀውም፤ ነገር ግን ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ስለ አባ ገብረ ሚካኤል ስንነጋገር ይህንንም አብሮ መናገር ይገባል።

በ1843 ዓ.ም. መጨረሻ ገብረ ሚካኤል ወደ ዐድዋ ወርደው ከአባ ደ ያቆቢስ ጋር ተቀመጡ። ሁለቱ ሰዎች ለወራት መጻሕፍቱን እየገለጡ ተወያዩ። ደ ያቆቢስ የሚያስተምሩ መስለው ብዙ ተምረዋል፤ ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍትና ስለ ሊቃውንቱ አነጋገር ከእንዲህ ያለ ሰው የሚበልጥ መምህር ከየት ያገኙ ነበር? በየካቲት ወር 1844 ዓ.ም. ገብረ ሚካኤል በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ገደማ ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አንድነት ገቡ። ግእዛቸውን፣ ቅዳሴያቸውን፣ የመነኵሴ ቆባቸውን አልጣሉም። ደ ያቆቢስም እንዲጥሉ አልጠየቁም፤ የሜንዴዝን ስሕተት ላለመድገም ከሁሉ ይልቅ የተጠነቀቁበት ነገር ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በሥራ የተሞሉ ናቸው። በአዲግራት አጠገብ ባለችው በጓላ ለአገሩ ተወላጅ ካህናት ማሠልጠኛ የሚሆን ዘርአ ክህነት ተከፈተ፤ ገብረ ሚካኤልም ከመምህራኑ ዋነኛው ሆኑ። ለተማሪዎቹ የሚሆን መጽሐፍ ስለሌለ ማዘጋጀቱ በእርሳቸውና በደ ያቆቢስ ላይ ወደቀ። ትምህርተ ክርስቶስን ወደ አገሩ ቋንቋ መለሱ፣ በግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ላይም ሠሩ። ትርጕም ለሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ግልጽ ነው። በላቲን የተገለጸውን የሥላሴንና የሥጋዌን ትምህርት ቃል በቃል ቢያዛውሩት በጎጃምና በጎንደር ጉባኤ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ባሕርይ፣ አካል፣ ህላዌ የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው የክርክር ታሪክ አላቸውና። ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ክርክሩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ በአማርኛ ትምህርተ ክርስቶስ የምናስተምር ሁሉ እነዚህ ሁለት አባቶች በጀመሩት መንገድ ላይ የምንሄድ ነን።

ደ ያቆቢስ በጥር ወር 1849 ዓ.ም. በምጽዋ ከአቡነ ማስያስ እጅ የጵጵስና ማዕርግ ተቀብለው ነበር። በጥር 1 ቀን 1851 ዓ.ም. ደግሞ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ቀቡ። አዲሱ ካህን ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

በዚህ መካከል በአገሪቱ አዲስ ኃይል ተነሣ። የቋራው ካሣ መኳንንቱን አንድ በአንድ እያሸነፉ ጎንደርን ያዙ። አገሩን አንድ ለማድረግ ሃይማኖቱም አንድ መሆን አለበት ብለው ስላመኑ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ በ1854 ዓ.ም. ከተዋሕዶ ወገን በቀር ሌላ ትምህርት እንዳይኖር ታወጀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አቡነ ያዕቆብና አባ ገብረ ሚካኤል ከአራት ኢትዮጵያውያን ባልንጀሮቻቸው ጋር በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከወራት እስራት በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የውጭ አገር ሰው ስለነበሩ መባረር በቂ ቅጣት ሆኖ ተቈጠረላቸው፤ ለጎጃሙ ሊቅ ግን የሚባረሩበት ሌላ አገር አልነበራቸውም።

ጥያቄው በየጊዜው አንድ ነበር፤ የአቡኑን ትምህርት ተቀበሉ፣ ነጻ ትወጣላችሁ የሚል። ገብረ ሚካኤል ግንድ ታስሮባቸው፣ ተገርፈው፣ ተርበውም መልሳቸውን አልለወጡም። ካሣ በየካቲት ወር 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ እስረኛውን ከሠራዊታቸው ጋር ይዘዋቸው ወጡ። አዲሱ ንጉሥ ሊቅ ያከብራሉ፣ ክርክርም ይወዳሉ፤ በእርግጥ ሊያሳምኗቸው የፈለጉ ይመስላል። ስላልተቻለ በጅራፍ አስገረፏቸው።

በግንቦት 31 ቀን 1855 ዓ.ም. በንጉሡ አደባባይ ቆሙ። የእንግሊዝ ቆንስላ ዋልተር ፕላውደንም በዚያ ነበሩ። ሽማግሌው መነኵሴ በሰንሰለት እንዳሉ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚያምኑትን ደግመው ተናገሩ፤ የአቡኑንም ሥልጣን በዚህ ነገር እንደማይቀበሉ ገለጹ። የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። ቆንስላውና ሌሎች ሰዎች ስለ ለመኑ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የተለወጠው ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነበር፤ የስድሳ አራት ዓመት ሰው በእግር ብረት ከዘማች ሠራዊት ጋር ወደ ወሎ ይነዱ ጀመር።

በሰፈሩ ወረርሽኝ ገብቶ ወታደሩን ይፈጅ ነበር። ያላቸውን ጥቂት ምግብ ለሌሎች እስረኞች ያካፍሉ፣ የታመሙትንም ያጽናኑ ነበር። ጠባቂዎቹም እያደር ወደዷቸው። በነሐሴ 28 ቀን 1855 ዓ.ም. ጨረጫ ገባባ በተባለ ቦታ፣ ከነሰንሰለታቸው፣ በመንገድ ዳር ዐረፉ። የቀበሯቸውም እነዚያው ጠባቂ ወታደሮች ናቸው። ሰንሰለቱን ከእግራቸው ፈትተው በአንድ ዛፍ ሥር አኖሯቸው።

አቡነ ያዕቆብ ከእርሳቸው በኋላ አምስት ዓመት ኖረው በ1860 ዓ.ም. በሐምሌ 31 ቀን በጉዞ ላይ ሳሉ በበረሃ ዐረፉ። አቡነ ሰላማም ዕድላቸው አላማረም፤ ከንጉሡ ጋር ተጣልተው በመቅደላ አምባ እስረኛ ሆነው በ1867 ዓ.ም. ሞቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በማግሥቱ ዓመት በዚያው አምባ ላይ ሕይወታቸውን አጠፉ።

የአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዝሙር የነበሩት የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት በዘመናቸው ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው አቆዩ። የላዛሪስት ማኅበር ካህን አባ ኩልቦ ደግሞ የአባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ በፈረንሳይኛ አዘጋጅተው በ1902 ዓ.ም. አሳተሙ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 3 ቀን 1926 ዓ.ም. በሮም ብፅዕናቸውን አወጁ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1975 ዓ.ም. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸው ሲታወጅ፣ ደቀ መዝሙራቸው ብፁዕ ከተባሉ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። የትውልድ ቦታቸው መርጡለ ማርያም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ክልል ውስጥ ትገኛለች። ጠባቂዎቹ በዛፉ ሥር የቆፈሩት መቃብር ግን ምልክት ስላልተደረገበት ቦታው ጠፍቷል።